ጃም ያዘን

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሙሽራው ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሰ ሠርግ የሚባል ነገር የለም። ደባርቅ፣ የሙሽራዋ አባት ቄስ ሀብተ ሚካኤል ግቢ፣ ዳሱ ተጥሏል፣ ወጡ ተሠርቷል። ሙሽራው ያርጋል ግን አልመጣም።

ወንበርም አልመጣም። ሰጠኝ የሚባለው የሙሽራዋ ወንድም፣ ወንበር ላምጣ ብሎ በጭነት መኪናው ማልዶ በጎንደር መንገድ ወደ ዳባት እንደ ወረደ ቀርቷል። እንግዳው ድንጋይና ግንድ ላይ ተኮልኩሏል።

ሙሽራዋን እስከዳርን መቀመጫ አላስችል አላት። ሚዜዎቿ ሲያስቀምጧት ትነሳለች፤ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ትመለሳለች። ፀሐይዋን ታያለች። የቆመች ይመስላታል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቄሱ ስልክ ጮኸ። ያርጋል ነው። ጎንደር ሱቅ ከከፈተ ወዲህ እንግሊዝኛ ካልቀላቀለ አፉ አይፈታም።

«አባቴ፣ ጃም ያዘን!» አለ። መስመሩ ተቋረጠ።

«ጃም ማነው?» አሉ ቄሱ። «የማን ልጅ ቢሆን ነው ሙሽራ የሚይዘው?»

ቡይት ራስ ሎጅ ውስጥ ምግብ የሚያበስለው ገዱ ሳቀ። «ጃም ሰው አይደለም፣ አባታችን። ፈረንጅ ቁርሱን ሲበላ ዳቦው ላይ የሚቀባው ጣፋጭ ነው።»

«እኛን እዚህ ጎልቶ እሱ ዳቦ ይቀባል!» አለች የሙሽራዋ እናት፣ እንባዋ እየመጣ።

እስከዳር ተጠራች። በእንግሊዝኛ ከክፍሏ የሚስተካከላት የለም፤ መጽሐፎቿን ግን እናቷ ዛሬ ጠዋት «ከእንግዲህ ለምንሽ ነው» ብላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋባታለች።

«መንገድ ሲዘጋ ነው፣ አባዬ። መኪና በመኪና ላይ ተደራርቦ አላሳልፍ ሲል።»

«ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«አንዳንዴ እስኪመሽ።» ፀሐይዋን አየት አደረገች።

ቄሱ ቱግ አሉ። «በእኛ መንገድ? የደባርቅና የዳባት መኪና ሁሉ ቢሰበሰብ ይህን ግቢ አይሞላ! ውሸታም ነው። በጀንበር ካልደረሰ ልጄን አያገኛትም!»

ዳሱ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። ጎንደር ሌላ ሴት አለችው ተባለ። አንዷ ሚዜ «አይዞሽ» እያለች የእስከዳርን ጀርባ ዳበሰች። እስከዳር ቀና ብላ አላየቻትም።

ጀንበሯ ከተራራው ጫፍ ስትደርስ እንደገና ወደ ጓሮ ወጣች። ሚዜዎቿ ታልቅስ ብለው ተዋት። ስልኩ ወዲያው ተነሳላት።

«ሰጠኝ ወንድምዬ፣ ልትጠልቅ ነው፤ ከድልድዩ ላይ ንቅንቅ እንዳትል፣ ጎማውንም እንዳትገጥመው።»