ሁለት ሚስኮል

ሚስኪ ከመቲ፣ ኛጋች ከማታር ለሥራ ልምምድ ጋምቤላ መጥተው አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። አንድ ሰሃን ምግብ ለሁለት ይበላሉ፤ ልብሳቸውን ባሮ ወርደው ያጥባሉ። ሚስኪ ካርድ ላለመጨረስ በየቀኑ መግሪብ ላይ ለእናቷ ሁለት ጊዜ ሚስኮል ታደርጋለች። ትርጉሙ «ደህና ነኝ» ነው። አንድ ቀን ከቀረ እናቷ በማግስቱ መጥታ ልትወስዳት ተስማምተዋል።

እሑድ ልብስ ሲያጥቡ የሚስኪ ስልክ ከኪሷ ሾልኮ ባሮ ገባ።

«ዓሣው ካልደወለላት እናትሽ ነገ ትመጣለች፤» አለች ኛጋች እየሳቀች።

ሰኞ እናቷ አልመጣችም። ማክሰኞ ገንዘባቸው አለቀ። ረቡዕ መናኸሪያ ቆመው ከመቲ የመጣውን መኪና እስከ መጨረሻው ተሳፋሪ ድረስ አዩ። ሐሙስ መግሪብ ላይ ሚስኪ የባለሱቁን የኻሊድን ስልክ ለምና በቃሏ የምታውቀውን የአባቷን ቁጥር ደወለች። ያነሳችው እናቷ ነበረች።

«እማ፣ ስልኬ ወንዝ ከገባ አራት ቀኑ። ለምን አልመጣሽም? ርቦናል።»

«ምን ነካሽ ሚስኪዬ? በየቀኑ ትደውዪ የለም እንዴ? ትናንትም ሁለቴ፣ እንደ ልማድሽ።»

ከእናቷ ጀርባ ሌላ ስልክ ጮኸና ተቋረጠ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጮኸ፤ ተቋረጠ።

«ሚስኪ ናት፤» አለች እናቷ፣ አጠገቧ ላለ ሰው። «ደህና ናት።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንቺ ማነሽ?»