ጥም የማያውቁ ጓደኞች

በዚያ ዘመን የበረሃው መግቢያ በር ሥጋና ደም ያለው ሁለት ሰው ካላየ አይከፈትም ነበር። ሐንፈሬ ደግሞ ያሉት ጓደኞች ሁሉ ሄልሜቱ ውስጥ የሚያወሩ ሰው ሠራሽ ድምፆች ናቸው። እንደሱ ትንሽ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዓመት ሙሉ ሲያፈላልግ ከቆየ በኋላ፣ አንድ ቀን ጡረተኛዋ መምህርት አሚናት አቧራ በለበሰች ሞተር በሩ ጋ ከተፍ አሉ።

«ጓደኞችህ ምን ይሉሃል?» አሉት ሄልሜቱን እያዩ።

«ጎበዝ ነህ ይሉኛል፣ እትዬ።»

«እኔ አልልህም። የሞተርህ ሰንሰለት ቀበቶ እንደሌለው ሱሪ ወርዷል።»

ሐንፈሬ በደስታ ሊሞት! ከተሰደበ ስንት ዘመኑ። ሰንሰለቱን አጠበቀ፤ በሩም ተከፈተላቸው።

አሸዋው መሀል ሲያርፉ ሐንፈሬ የውኃ ኮዳውን አውጥቶ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠና አፉን ጠረገ። የመምህርት አሚናት እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«አንተ ልጅ! በረሃ ላይ ቀድሞ የሚጠጣው ማነው?»

ሐንፈሬ ደነገጠ። የሄልሜቱ ጓደኞች አንድም ቀን ጠምቷቸው አያውቅም። አሁን መምህርቷ ጥለውት ቢሄዱ፣ በሩን ዳግመኛ ማን ያስከፍትለታል?

መምህርት አሚናት የራሳቸውን ውኃ አውጥተው፣ እያየ፣ ቀስ እያሉ ጠጡ።

«ስግብግብ! ባለጌ! አሳዳጊ የበደለህ! ቅዳሜ ሁለት ኮዳ ይዘህ ካልመጣህ ወየውልህ!»

ሐንፈሬ ከዚያ ሁሉ ውርጅብኝ የሰማው «ቅዳሜ» የምትለዋን ብቻ ነበር።