መሪጌታ ለማሽኑ የሞሉለት ቀን

ላፕቶፑ አሁንም እዚያው መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። ሶስና በሆዷ ተሳደበች፤ አጥፍታ እንደገና አስነሳችው።

ከጠረጴዛው ማዶ መሪጌታ ኪዳኔ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ በፊት ለተማሪዎቻቸው ብለው ሁለት ወር ሙሉ ያዜሙት ድጓ ያለው እዚህ ማሽን ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ዲስኩ ጠበበኝ ሲሏት ትልቅ የቀየረችላቸው ራሷ ሶስና ነች። ያን ቀን «ቅጂ አስቀመጥሽልኝ?» ቢሏት «አዎ የኔታ፣ አያስቡ» ብላቸዋለች። አላስቀመጠችም፤ የድሮውንም ዲስክ አጥፍታ ለሌላ ማሽን ተጠቅማበታለች። ደብረ ታቦር ላይ ሱቅ ከፍታ የስንቱን ስትጠግን፣ ነገ ነገ እያለች ረሳችው።

«ምን ይላል?» አሉ መሪጌታ ዘና ብለው።

«ከርነሉ ከአዲሱ ዲስክ ጋር አልተግባባም መሰለኝ። ሲስተሙን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያነጋግረው እሱ ነው።»

«አስታራቂ ነዋ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ማሽኑ ላይ ሦስት ከርነሎች አሉ፤ አዲሱን ሞከረች፣ ቆመ። መካከለኛውን ሞከረች፣ ቆመ። የቀረው አሮጌው ነው። እሱም እምቢ ካለ የተበላሸው ዲስኩ ነው፤ ዲስኩ ከተበላሸ ደግሞ የእኚህ ሰው ድምፅ ጠፋ ማለት ነው።

አሮጌውን መረጠች። ነጫጭ ጽሑፍ ወረደ፣ ወረደና እዚያው ቦታ ላይ ቀጥ አለ።

እስካሁን በድንጋጤ «ስህተት» የሚለውን ብቻ እያየች ነበር የምታጠፋው። አሁን የምታጠፋበት ምክንያት ስላልቀረ መስመሩን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ገና ባልደረሰ ቀን ነው ይላል።

«የኔታ፣ ከመበላሸቱ በፊት የጠየቀዎት ነገር ነበር?»

«ቀን ነዋ። ሳምንት ሙሉ መብራት ጠፍቶብን ከርሞ ብከፍተው ቀኑን ስቷል። ሞላሁለት።» ቀና አሉ። «ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር የሸበትሁ ሰው፣ ቀን ይጠፋኛል?»

«ዓመቱን ስንት አሉት?»

«ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት። ታዲያ ስንት ልበለው ኖሯል?»

ሶስና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ለእሱ 2018 ካለፈ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ወር የተከፈተ ዲስክ ቢያይ ገና ካልመጣ ዘመን የመጣ መስሎት አልነካም አለ። ቀኑን አስተካክላ አስነሳችው። መስመሩን አልፎ ሄደ። ፋይሉን ስትጫነው የመሪጌታ የድሮ ድምፅ ሱቁን ሞላው።

እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ፣ እሷ ከመሳቢያ ሌላ ዲስክ አውጥታ ለመሰካት ተጣደፈች። ሁለቴ ሳተችው። መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። «ቅጂ» አለች። «ያን ቀን አላስቀመጥሁም፣ የኔታ። ዋሽቼዎታለሁ።»

ከደጅ የሚኒባሱ ረዳት «ሐሙሲት! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል፤ መሪጌታ የሚሄዱበት መኪና ነው። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ሶስና አንገቷን ደፋች።

ወንበራቸውን ግን ጎትተው አመጡና ከጎኗ፣ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«በይ ገልብጪ» አሏት በሹክሹክታ። «እያየሁ።»