የማይጠልቀው ጉድጓድ

«ትታኝ ስትመንን እናቴ ሆዷ ትንሽ እንኳ ባብቶ ነበር?»

ልጅቷ ይህን ጥያቄ ይዛ አደገች፤ ዩኒቨርሲቲም ይዛው ገባች። ያሳደገቻትን አክስቷን ብትጠይቅ፣ ሄደሽ ራሷን ጠይቂያት አለቻት። ሄደች። በዚያው ቆብ ደፍታ ቀረች።

መጀመሪያ ቀን «እማዬ» ስትላት እናቷ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«እዚህ እናትና ልጅ የለም። እህቴ በይኝ።»

በገዳሙ ደንብ እያንዳንዷ መነኩሲት ሞቷን እንዳትረሳ የገዛ መቃብሯን ትቆፍራለች። ከንጋት ጸሎት በኋላ ሁሉም በየጉድጓዳቸው አንድ አንድ አካፋ አፈር አውጥተው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ከቁፋሮው ነፃ የነበረችው ሳል የያዛት እናቷ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን አልጋዋ ላይ አታርፍም። የንጋቱ ብርድ ይገድልሻል እያለች አስታማሚዋ ለምና ለምና ተወቻት።

የሌሎቹ ጉድጓድ ወገብ ሲደርስ የልጅቷ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። ዛሬ የቆፈረችው ነገ ሞልቶ ይጠብቃታል።

«አንቺን ሞትም ፈርቶሻል» አለቻት አትክልተኛዋ መነኩሲት፣ «መጽሐፍ ታነቢብኛለሽ ብሎ።»

ሁሉም ሳቁ። ልጅቷ የጠረጠረችው እሷኑ ነበር፤ አካፋውም ጋሪውም የሚያድረው እሷ ዘንድ ነው። ለእመምኔቷ ልትከሳት አስባ አፈረች። አንድ ቀን ለንጋት ጸሎት ዘግይታ የመጣችውን እናቷን በር ላይ አገኘቻትና ነገረቻት። እናቷ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ሰማቻት። ሰው አትሚ፣ ዝም ብለሽ ቆፍሪ ብላ ተቆጥታት ገባች።

ክረምቱ ሳይወጣ እናቷ ሞተች። መቃብሯን ሌሎች ቆፈሩላት። አፈሩ ሲመለስ ልጅቷ አላለቀሰችም። ለእህት የሚለቀስ ያህል ለማልቀስ ሞክራ አቃታት። ክንዷን ደግፋ የወሰደቻት ያችው አትክልተኛ ነበረች።

በማግስቱ እንደ ልማዷ አንድ አካፋ አፈር አወጣች። ሌላ ቀን ነግቶ ስትመለስ፣ ያወጣችው አፈር ጉድጓዱ ዳር እንደተቆለለ ነው። የነካው የለም።

«እሰይ» አለቻት አትክልተኛዋ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሊጠልቅልሽ ነው።»

ልጅቷ አካፋውን መለሰችላት፤ ከዚያም ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ወደ ጉድጓዱ ትመልስ ጀመር።