ባዶ ማህደር

ቢሮው አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ባመጣ ቁጥር የኢንተርኔት ኮርሱን ቀድማ የምትጨርሰው እሷ ነበረች። ምሳዋን ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ እንዳለች እየጎረሰች፣ ዓይኗ እስኪፈዝ አጥንታ፣ በስድስት ዓመት አሥራ አንድ የምስክር ወረቀት አስገኘች።

የሠራተኛ ድልድሉ ሲለጠፍ ግን ስሟ ከተቀናሾቹ ተርታ ተገኘ። እያለከለከች ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባች።

«ምን አጥፍቼ ነው ጋሼ?»

አቶ ደምመላሽ ማህደሯን ገለጥ ገለጥ አድርገው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምን ላድርግሽ ልጄ? ኮሚቴው የሚያየው ወረቀት ነው። ያንቺ ማህደር ባዶ ነው፤ አንድም ሥልጠና የለሽም።»

ቀና አለች። ከጀርባቸው አሥራ አንዱም ወረቀት በየፍሬሙ ተሰቅሏል፤ ሁሉም በአቶ ደምመላሽ ስም።

«ለነገሩ» አሏት፣ «ያ የጀመርሽልኝ ኮርስ ፈተናው ዓርብ ነው። ጨርሰሽልኝ ሂጂ።»