ዘይት የታየበት ጠርሙስ

ተመራማሪው አቶ እንግዳው ከወረታ እስከ ጣና ዳር ያለውን ኩሬ ሁሉ በጠርሙስ ቀድቶ ጨርሷል። ከሩዝ ማሳ፣ ከከብት ማጠጫ፣ ከወንዛዬ ፍል ውሃ ሳይቀር ወስዷል። የሚፈልገው ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቂቅ አልጌ ነበር። አንዳንዱ የአልጌ ዘር ዘይት ይቋጥራል፤ ዘይቱም ለመኪና ነዳጅ ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ እስከ ሰኔ ዘይታም ዘር ካልተገኘ ምርምሩን እንደሚዘጋው ነግሮታል።

ዘይታም ዘር አልተገኘም። እንግዳው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ይወጣል፣ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል።

«ዛሬስ ስንት መኪና አስነሳህ?» ትለዋለች ሚስቱ ሠርካለም።

«ሂጅ ወዲያ!»

አንድ ቅዳሜ ከደብሩ ጠበል ሊቀዳ ሄደ። ቄስ ባየህ ለእናቱ ለወይዘሮ አማከለች የሚወስድላቸው መስሏቸው መርቀው ሰጡት። መሥሪያ ቤቱ ዝግ ስለነበር ጠርሙሱ ቤት ሰነበተና ሰኞ ላብራቶሪ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው እንደ ጎመን ጠቆረ። በማይክሮስኮፕ ሲያየው በየቅንጣቱ ውስጥ የዘይት ጠብታ ያበራል። ያን ዕለት እንግዳው በወረታ አስፋልት ላይ ብቻውን እየሳቀ ሄደ።

ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ቶሎም አልመጣም። ጠርሙሱን ሲከፍተው ሸተተው። ዘሩ ብርሃን አጥቶ ሞቷል።

ወደ ጠበሉ ተመለሰ። ወሬው ግን ቀድሞት ደርሷል።

«ጠበል ለመኪና ልታጠጣ?» አሉት ቄስ ባየህ።

«አባ፣ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው።»

«መኪናህ ከታመመች መጀመሪያ ንስሐ ትግባ፤ ያኔ እኔው አጠምቃታለሁ።»

ጠበልተኛው ሁሉ ሳቀበት። ባዶ ጠርሙሱን ይዞ፣ ንዴቱን ይዞ ቤት ገባ። ከጓሮ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል አረንጓዴ ለብሶ ቆሟል። ሰሞኑን አረንጓዴ ማየት አስጠልቶታል።

«ወባ የምታመጣብን ይቺ ናት!» አለና ገልብጦ ደፋው። በበረኪና እስኪያብረቀርቅ ፈተገው።

«እሰይ፣ ስንት ጊዜ ለመንኩህ» አሉ አማከለች ከደጅ ሆነው።

ሽማግሌ ልኮ፣ ደጅ ጠንቶ፣ በሰኔ መግቢያ ቄሱ እያጉረመረሙ አንድ ጠርሙስ ሰጡት። ቤት ሳይገባ በቀጥታ ላብራቶሪ ወሰደው። ጠበቀ። ውሃው እንደጠራ ቀረ። መብራቱን አቀረበለት፣ ምግቡን ጨመረለት፤ አንድም የዘይት ጠብታ አልታየም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ማይክሮስኮፑን መልሰው ካርቶን ውስጥ ከተቱት።

እንግዳው በሩን በርግዶ ቤት ገባ።

«ሌላ ውሃ ነው የሰጡኝ! እኒህ ቄስ ተጫወቱብኝ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ባላዋርዳቸው!»

አማከለች ተነሥተው እጁን ያዙት።

«ተው ልጄ፣ በካህን አትነሣ። የአሁኑስ እውነተኛ ጠበል ነው። የፊተኛውን ነው እኔ እሑድ በጧት በባዶ ሆዴ የጠጣሁት፤ ጠበል ለመኪና ከሚሆን ብዬ፣ ጠርሙስህን ከጓሮው በርሜል ሞላሁልህ።»