የእንግዳዋ ክፍል

ቤት ከማደሴ በፊት የሚኖርበትን ሰው አመል እጠይቃለሁ፤ ዲዛይን ለእኔ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አዳማ ውስጥ ወይዘሮ ሸዋወርቅ የሚባሉ ሴትዮ ደውለው የጓሮ ክፍላቸውን አሳዩኝ። እኔ ውስጥ ገብቼ ስለካ እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ማን ሊኖርበት ነው?»

«አንዲት ልጅ። በግራዋ ስለምትጽፍ መብራቱ ከቀኝ ይምጣላት።»

በግራ እጄ ጻፍኩት።

«ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አልጋውን ጥግ አስይዥላት።»

«እንደኔ ናት» ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«እህቷ ከሞተች ወዲህ መስታወት ማየት አትወድም። እንዳታስገቢ።»

እህቴ የሞተችው ሻሸመኔ ነው። አዳማ ውስጥ ለአንድም ሰው ነግሬ አላውቅም። ሜትሬን ጠቀለልኩ።

«እማማ፣ ሌላ ቀን ብመለስስ?»

«የበሩን ሳትጽፊ?»

የከሰዓቱ ንፋስ አቧራውን ይዞ መጣና በሩን ገፍቶ ዘጋው። ልከፍተው እጄን ሰደድኩ። እጀታው መኖር የነበረበት ቦታ ልሙጥ እንጨት ነው።

«እማማ፣ ከውስጥ እጀታ የለውም!»

«መጀመሪያ ሰሞን ትፈልገዋለች» አሉ ከውጭ፣ ቀስ ብለው፣ እንድጽፈው። «ኋላ ትተወዋለች።»